ዓይንን ሳይነኩ መለካት

ማይነስ 2 መነጽር ያደረገች የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የመነጽሯን ቁጥር በቃሏ ትወጣዋለች። የዓይኗን ርዝመት ግን ማንም ነግሯት አያውቅም፤ ብዙውን ጊዜ ያንን ቁጥር ያመጣው እሱ ሆኖ ሳለ። የአራስ ልጅ ዓይን ከፊት ወደ ኋላ 17 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የአዋቂ 24 ይጠጋል። ከመጠኑ አልፎ አንድ ሚሊሜትር ከረዘመ የመነጽሩ ቁጥር 2.5 ዲዮፕተር ያህል ይጨምራል።

እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ የዓይንን ርዝመት በብርሃን የሚለካው ኦፕቲካል ባዮሜትር የሚታወቀው በዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሚተካውን ሌንስ ለማስላት። ለልጆች ያለው ጥቅም ተረስቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ግን ከአነስተኛ የማየት ችሎታ ጉዳዮች ሲሶ ያህሉ መነሻቸው በመነጽር የሚስተካከል ችግር ነበር። ልኬቱም ቀላል ነው፦ አገጭ ማሳረፍ፣ ትንሿን መብራት ማየት፣ አለመርገብገብ፤ በቃ። መሣሪያው ከኮርኒያና ከሬቲና የሚመለሰውን ብርሃን አገናዝቦ ርቀቱን ያወጣል። በ1999 የዛይስ አይኦኤልማስተር፣ በ2008 የሃግ ስትራይት ሌንስታር ገበያ ላይ ዋሉ።

አንዲት የፉሪ እናት የ14 ዓመት ልጃቸውን የዓይን ርዝመት የያዙ ሁለት ወረቀቶች አሳይተውኛል። አንዱ 24.1፣ የወር ልዩነት ያለው ሌላኛው 24.3 ይላል። «በወር ይህን ያህል አደገ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። አላደገም። የመጀመሪያው የተለካው ኮርኒያን በሚነካ አልትራሳውንድ ነው፤ መመርመሪያው ትንሽ ሲጫን ዓይኑን ያሳጥረዋል። ሁለተኛው በብርሃን ነው። ወረቀቶቹ ላይ የመሣሪያው ስም የለም። የጎረምሳ ዓይን በዓመት የሚያድገው በአሥረኛ ሚሊሜትር ነውና የመሣሪያውን ስም አለመጻፍ ስንፍና እንጂ ሌላ ስም የለውም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ፤ ሁለት መሣሪያ አወዳድሮ «ዝምድናቸው 0.99 ነው፣ ስለዚህ አንዱ በሌላው ይተካል» ማለት። ፉሪ ገበያ ውስጥ በኪሎ 200 ግራም የሚሰርቅ ሚዛን ከትክክለኛው ሚዛን ጋር ያለው ዝምድና ፍጹም ነው፤ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፣ ድንቹ ግን ጎደለ። ማርቲን ብላንድና ዳግላስ አልትማን በ1986 በላንሴት መጽሔት ያስረዱት ይህንኑ ነው፦ በየሰዉ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ያለውን ልዩነት አውጡ፣ አማካዩን እዩ፣ ከዚያ ልዩነቱ እስከ የት እንደሚሰፋ ተመልከቱ። ስፋቱ ልንከታተለው ከምንፈልገው እድገት ከበለጠ መሣሪያዎቹ አይተካኩም።

በዚህ መንገድ ሲታይ ሁለቱ የብርሃን መሣሪያዎች በርዝመት ላይ በአማካይ በመቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ይለያያሉ። ከኮርኒያ እስከ ሌንስ ያለው ጥልቀት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የመጀመሪያው አይኦኤልማስተር ይህን የሚያነበው ከጎን በሚያበራ የብርሃን ስንጥቅ ምስል ነው፤ ሌንስታር እንደ ርዝመቱ ሁሉ የሚመለሰውን ብርሃን አገናዝቦ። ሌሎች መሣሪያዎች ደግሞ መቁጠር የሚጀምሩት ከኮርኒያ የኋላ ገጽ ነው፤ የኮርኒያው ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ልዩነቱ ከዓይኑ ሳይሆን ከመነሻው ይመጣል። ጎረምሶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ሌንሳቸው ልል ነው፤ ወደ ቅርብ ባተኮሩ ቁጥር ወፍሮ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጥልቀቱም ያንሳል። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ሌንሱን ሲያሳርፈው ጥልቀቱ መልሶ ይጨምራል፣ ጠቅላላው ርዝመት ግን ብዙም አይነቃነቅም። አንዱን መሣሪያ ከጠብታ በፊት፣ ሌላውን ከጠብታ በኋላ የተጠቀመ ሰው ያወዳደረው መሣሪያዎቹን ሳይሆን ጠብታውን ነው።