ፎቶ ሲጠፋ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

«የልጃችን የክርስትና ፎቶ ከኮምፒውተሩ ጠፋ» ብለው ተጨንቀው ወደ እኔ የሚመጡ ወላጆች አሉ። ብዙዎቹ ግን ከመምጣታቸው በፊት የማስመለሻ ፕሮግራም አውርደው እዚያው ዲስክ ላይ ጭነውበታል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ፋይል ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ ምስሉን ወዲያው አያጠፋውም፤ ቦታውን «ባዶ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ምስሉ እዚያው አለ። ስለዚህ የጠፋው ከሚሞሪ ካርድ ከሆነ ካርዱን ከካሜራው አውጡት፤ አንድም ፎቶ አታንሱበት። ከዚያ ፎቶሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ካርዱን አስፈትሹት፤ የተገኘውን ግን ካርዱ ላይ መልሳችሁ አታስቀምጡ። የፋይሎቹን ስም አይመልስላችሁም፤ ምስሎቹን ግን ብዙ ጊዜ ያወጣል። ኤስኤስዲ በሚባለው የዲስክ ዓይነት ላይ ግን ተስፋው ጠባብ ነው፤ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ቶሎ ያጸዳዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቅርጫቱን እዩ! ጎግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገ ፎቶን ከተሰረዘ በኋላ 60 ቀን ያቆየዋል፤ የአፕሉ ፎቶስ ደግሞ 30 ቀን።

የማክ ኮምፒውተር ላይ የፎቶስ ላይብረሪ ከተበላሸባችሁ ኮማንድና ኦፕሽንን ተጭናችሁ ፎቶስን ክፈቱ፤ የጥገና አማራጭ ያመጣላችኋል። ላይብረሪውን ከፍታችሁ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች አታንቀሳቅሱ።

እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ፎቶዎቻችሁን ሁሉ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ዲስኩንና ላፕቶፑን አንድ ቦርሳ ውስጥ አትያዙ፤ ቦርሳው ከተሰረቀ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።