አውሮፕላን ስታሳድር የኖረችው «ኢትዮጵያ»

ከአሰብ የተነሣ ቦቴ ሚሌን አልፎ ባቲ ሲደርስ ሹፌሩ በረሃውን ተገላገለ ማለት ነበር። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሰንበቴ እያለ ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ ይገሰግሳል። ባቲና ከሚሴ፣ የዛሬው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተሞች፣ የቀይ ባሕርን ጭነት በየደጃቸው ሲያሳልፉ ኖረው በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት አሰብን ዘጋው። የወደብ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔን የሚቆጨኝ፣ በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ያን ባሕር ሲጠብቁ የኖሩት መርከበኞችና ዋናዋ መርከባቸው ስማቸው አለመነሣቱ ነው።

መርከቧ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። ከዚያ በፊት «ኦርካ» የተባለች የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ስትሆን፣ የተሠራችውም ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ጣቢያ እንድትሆን ነው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በፓስፊክ ጦርነት፣ በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ዳርቻ አገልግላለች። ማዕበል በማይደርስበት ሰርጥ መልሕቋን ትጥላለች፤ «ካታሊና» የተባሉት አውሮፕላኖች አጠገቧ ያርፋሉ። ነዳጅና ጥይት ትሞላላቸዋለች፣ አብራሪዎቹን ታበላለች፣ ታሳድራለች፤ የተጎዳውን አውሮፕላን በክሬን ከውኃ አንሥታ መካኒኮቿ ይጠግኑታል። ማኮብኮቢያ በሌለበት ደሴት ሁሉ ጣቢያው እሷው ነበረች። ከአምሳያዎቿ 18ቱ ከጦርነቱ በኋላ ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተሰጥተዋል።

እሷ በ1954 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ መጣች። የአየር ጣቢያነቷ አበቃና 95 ሜትር ገደማ የምትረዝመው መርከብ ገና ጀማሪ ለነበረው ባሕር ኃይል የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛና ዋና መርከብ ሆነች። የደጋ ልጅ ማዕበልና የመልሕቅ ሰንሰለት የለመደው በእሷ ላይ ነው። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ልዑል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ሲረሸኑም መርከቧ ሥራዋን አላቆመችም። በየካቲት 1982 ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሸሸች።

እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከዚያች ዓመት ጀምሮ ኤርትራ ነፃ አገር ናት። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር የባሕር ኃይል መልሶ ማደራጃ ስምምነት ሲፈራረም፣ በምጽዋ የሠለጠኑት መርከበኞች ሸምግለው ነበር። አዲሶቹ ምልምሎች መጽሐፍ ከመክፈታቸው በፊት እነዚህን አዛውንቶች ጠይቀው ቃላቸውን ቢመዘግቡ እወዳለሁ፤ ክሬኑ የት እንደነበረ፣ ዕጩ መኮንን በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ፣ የመጨረሻው ጉዞ እንዴት እንደተነሣ።