ጉልቻ ሲለዋወጥ፦ የማድ ቤት ዕቃና የቤተሰብ ኑሮ በወልድያና በሀብሩ



«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአበው ብሂል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሹም ሽር ነው። እኔ ግን ዛሬ ቃሉን በቁሙ ወስጄ ልፈትነው እወዳለሁ። ጉልቻው ሲለወጥ ወጡ ባይጣፍጥ እንኳ፣ የሚሠራው ሰው፣ የሚሠራበት ሰዓትና በዙሪያው የሚሰበሰበው ቤተሰብ ይለወጣልን? መልሴ አዎን ነው። አዲስ የማድ ቤት ዕቃ ድካም ይቀንሳል፤ የቀረውንም ድካም ከአንዱ የቤት ሰው ወደ ሌላው ያዛውራል። የተረፈው ሰዓት ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ግን ቤተሰቡ ነው።

በወፍጮ ልጀምር። አያቴ በሚኖሩበት በሀብሩ ገጠር ቀኑ የሚጀምረው ገና ጎህ ሳይቀድ በሚሰማ የመጅ ድምፅ ነበር። አያቴ ወፍጮው ላይ አጎንብሰው መጁን እየገፉ ለዕለቱ የሚበቃ ማሽላ ይፈጩ ነበር። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ሥራው ከቤት ወጣ፤ ሠሪውም ተለወጠ። እህሉን በአህያ ጭኖ ወፍጮ ቤት ተሰልፎ የሚውለው ብዙውን ጊዜ ልጅ ሆነ። እናት ከመጅ ስታርፍ የልጅ ግማሽ ቀን በሰልፍ አለፈ። ከዚህም ጋር፣ የማሽላ እንጀራ ከጤፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ቶሎ ቶሎ መጋገርን ይጠይቃል። ስለዚህ በቆላው ቤት ወፍጮው የምጣዱን ድካም አላስቀረም።

ወደ ምጣዱ ልለፍ። የማገዶ ምጣድ በአመዛኙ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዷ ትጋግራለች፣ ሌላዋ ትማግዳለች። እሳቱ ካልተስተካከለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። በእኛ ቤት እናቴ ስትጋግር ጭራሮና ኩበት የምትማግደው ታላቅ እኅቴ ነበረች። በጭሱ ውስጥ ብዙ ጨዋታና ምክር ይለዋወጡ ነበር፤ ይህን ማስታወስ ደስ ይላል። ጭሱ ግን ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራው ምርት ምድጃ እሳቱን በሲሚንቶና በአሸዋ ግድግዳ ከልሎ፣ ከክፍቱ የሦስት ጉልቻ እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። አፉ ጠባብ ስለሆነ ግን እንጨቱ በቀጭኑ መፈለጥ አለበት። እንጨት ከመሸከም የተቆጠበው ጉልበት በከፊል ወደ ምሳሩ ዞረ ማለት ነው።

አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትዝ ካዎን በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ተመሳሳይ ነገር አሳይታለች። በአገሯ ክፍት እሳት በብረት ምድጃ ሲተካ እንጨት ፈላጩ ወንድ ዐረፈ፤ የምታበስለዋ ሴት ሥራ ግን አልቀነሰም። በእኛ አካባቢ ማገዶ የሚለቅሙትና የሚሸከሙት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ስለሆኑ ሚዛኑ ይለያል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲገባ መጀመሪያ ያረፈችው ማጋጇ ልጅ ናት።

ታናሽ እኅቴ ያደገችው የኤሌክትሪክ ምጣድ በገባበት ቤት ነው። ማማገድ ስለቀረ አንድ ሰዓት ተረፈ። እናቴ ያንን ሰዓት ለውኃ መቅጃ ወይም ለሽንኩርት መላጫ ልታውለው ትችል ነበር፤ እርሷ ግን ለደብተር ሰጠችው። ታላቅ እኅቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችውን ትምህርት ታናሿ እስከ ዩኒቨርሲቲ ዘለቀችበት። ሰዓቱን ያስገኘው ምጣዱ ነው፤ ለልጅቱ የሰጠቻት ግን እናቴ ናት። እኔስ? ጭስም እሳትም በሌለበት ማድ ቤት ተቀምጬ ትኩሱን በበርበሬ በላሁ እንጂ አንድ እንጀራ ጋግሬ አላውቅም። ይህን የዕቃው ጥፋት ነው ልል አልችልም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የራሱን ሰዓትም ይዞ መጣ። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ያህል ኃይል ይወስዳል፤ ይህም ከ300 በላይ ባለ10 ዋት አምፖሎችን በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ እናቴ ሌሊት ተነሥታ ትጋግር ነበር። ከጭስ ነፃ ወጣች፤ ለመስመሩ ግን ተገዛች።

ማቀዝቀዣውን በአጭሩ ላንሣ። ወጥ ለቀናት መቆየት ሲችል ሁሉም በአንድ ሰዓት ገበታ መቅረቡ ግድ መሆኑ ይቀራል። የዘገየ ሰው ለብቻው አሙቆ ይበላል። ምቾት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ገበታ መጎራረስ ካሁን በኋላ ቤተሰቡ አስቦ የሚያደርገው ነገር ይሆናል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ መብራት ጠፋ። ምጣዳችን የዕቃ ማስቀመጫ ሆነ፤ የምንጠቀምበት ወፍጮ ቤትም ቆመ። በሰፈራችን ወፍጮና መጅ የቀረው በአንዲት አሮጊት ጓሮ ብቻ ነበር፤ የሚታወሱትም የቡና ቅራሪ ሲቀመጥባቸው ነው። በዚያ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ተራ እየያዘ ፈጨባቸው። ሴቶች ብቻ አልነበሩም፤ እኔም ተራዬ ደርሶ መጅ ገፋሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወገቤን ይዤ ስነሣ አሮጊቷ «ገና እፍኝ አልሞላህም፣ ልጄ» አሉኝ። አያቴ በየንጋቱ የከፈሉትን ዋጋ ያን ቀን በወገቤ ዐወቅሁት።

ከዚህ ወደ መጅ እንመለስ የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ ካለ መጅ ገፍቶ አያውቅም። እኔ የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤታችንን ከሩቅ ግድብና መስመር ጋር ስላሰረ፣ መስመሩ ሲቋረጥ የሚያገለግል ሁለተኛ ምድጃና የማጋገድ ዕውቀት በየቤቱ ይኑር። ሁለተኛ፣ ቴክኖሎጂ የምትሠሩ ተማሪዎች የምድጃን ብቃት ስትለኩ ከማገዶው ኪሎ ጎን የሰውንም ሰዓት መዝግቡ፦ ማን ዐረፈ? ማን ተጨመረበት? የተረፈው ሰዓት ለማን ሆነ?

ብሂሉ ስለ ወጡ እውነት ተናግሯል። ጉልቻው ሲለዋወጥ ግን በዙሪያው የምንቀመጠውም ቦታ እንለዋወጣለን።