ዜና ለምን ለገዛ አገሩ ያደላል?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን፣ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሟቾቹ ከ30 ከሚበልጡ አገሮች የመጡ ነበሩ። በዚያ ሰሞን የየአገሩን ጋዜጣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ አደጋው አንድ ሲሆን ዜናው ግን ብዙ ነበር። የኬንያ ጋዜጦች ስለ 32 ኬንያውያን፣ የካናዳ ጋዜጦች ስለ 18 ካናዳውያን፣ የጣሊያን ጋዜጦች ስለ 8 ጣሊያናውያን ጻፉ። እኛም በማግሥቱ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አውጀን፣ የአብራሪዎቻችንንና የአስተናጋጆቻችንን ፎቶግራፍ እያየን አለቀስን።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ አይዳይ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በሞዛምቢክ የቤይራን ከተማ መታ። በሞዛምቢክ፣ በማላዊና በዚምባብዌ ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ መንደሮች በጎርፍ ተዋጡ። በዚያው ዓርብ በኒውዚላንድ፣ በክራይስትቸርች ከተማ፣ አንድ ታጣቂ በሁለት መስጊዶች ለጸሎት የተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ተኩሶ 51 ሰዎችን ገደለ። አንባቢ ሆይ፣ ከሦስቱ አደጋዎች የትኛውን ያስታውሳሉ? ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን አንረሳውም፤ ሦስተኛውን ሰምተነዋል፤ ሁለተኛው ግን፣ ከሦስቱ ሁሉ ብዙ ሰው የፈጀው፣ በአፍሪካችን የደረሰው፣ ስሙ እንኳ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው።

ይህን የምናነሣው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። መርዶ ሲነገር አስቀድሞ "የማን ቤት ነው?" ብሎ መጠየቅ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። ነገር ግን ዜና የደረሰለት ሰው እርዳታም ይደርስለታል፤ ዜና ያልደረሰለት እርዳታውም ይዘገይበታል። ስለዚህ ይህን የዜና ጠባይ ማወቅ ለሰበካ ጉባኤያትና ለአባቶች ካህናት የሥራ ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን።

ነገሩን በጥናት መልክ ቀድመው ካቀረቡት መካከል ዮሐን ጋልቱንግና ማሪ ሆልምቦ ሩጌ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አራት የኖርዌይ ጋዜጦች የኮንጎን፣ የኩባንና የቆጵሮስን ቀውሶች እንዴት እንደ ዘገቡ መረመሩ። የሩቅ አገር ድርጊት ዜና ሆኖ እንዲወጣ ከሚያግዙት ምክንያቶች መካከል የባህል ቅርበትን፣ የአገሩን ኃያልነትና የድርጊቱን ድንገተኛነት ዘረዘሩ። አገሩ በባህል እየራቀና በደረጃ ዝቅ እያለ በሄደ ቁጥር፣ ዜና ለመሆን የሚደርስበት ነገር የከፋ መሆን እንዳለበትም አመለከቱ። ከዝርዝራቸው አንዱ ግን ከሁሉ ይልቅ እኛን ይመለከታል። ጋዜጣ በየቀኑ፣ ሬዲዮ በየሰዓቱ ስለሚዘግብ፣ በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ድርጊት ለዜና ይመቻል፤ ቀስ እያለ ወራት የሚፈጅ ነገር ግን አይመችም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

በአገራችን ጋዜጦችና ጣቢያዎች የሚወጣው የውጭ ዜና ከየት እንደሚመጣ ማሰብም ይገባል። ሞዛምቢክ ዘጋቢ መላክ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። በመሆኑም ዜናው በብዛት የሚቀዳው ማእከላቸው ለንደን፣ ፓሪስና ኒውዮርክ ከሆነው ከሮይተርስ፣ ከአዣንስ ፍራንስ ፕሬስና ከአሶሺየትድ ፕሬስ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ትጉ ዘጋቢዎች በየአገሩ አሏቸው፤ ሥራቸውን አናቃልልም። ሆኖም የትኛው ወሬ እንደሚሰፋና የትኛው እንደሚያጥር ሲወስኑ የሚያስቡት በቅድሚያ ስለ ትልልቅ ደንበኞቻቸው አንባቢ ነው። ስለዚህ የአፍሪካ ጎረቤታችንን ሐዘን የምንሰማው በአውሮፓና በአሜሪካ ሚዛን ተመዝኖ ከተረፈ ብቻ ይሆናል። የገዛ አድልዎአችን ሳያንሰን የሌላውንም ጨምረን እንቀበላለን ማለት ነው።

አድልዎው ሟች በመቁጠር ብቻ አያበቃም፤ ጥፋተኛን በመፈለግም ይታያል። ወደ ቢሾፍቱው አደጋ እንመለስ። ከእርሱ በፊት አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ያው ቦይንግ 737 ማክስ 8 የተባለ የአውሮፕላን ዓይነት በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች ጊዜ፣ አውሮፕላኑ በተሠራበት አገር ጣት ወደ ባዕዳኑ አብራሪዎችና ወደ ሥልጠናቸው ሲቀሰር ታይቷል። መጋቢት 26 ቀን በወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት፣ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት እንደ ፈጸሙና አውሮፕላኑን ግን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ተገለጠ። ከዚያም በኋላ በግንቦት ወር አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል፣ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ችግሩን ይወጡት ነበር የሚል አስተያየት ሰጡ። የዚያው ምክር ቤት ኮሚቴ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ አምራቹን ኩባንያና የአሜሪካን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አጥብቆ ወቀሰ። የዚህ ዘገባ ወሬ ግን የመጀመሪያውን ጥርጣሬ የሰማ ሰው ሁሉ ጆሮ መድረሱን እንጠራጠራለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገርም ይህ ነው። ቶማስ ኤይዘንሴና ዴቪድ ስትሮምበርግ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ጥናት አሳተሙ። ከ1968 እስከ 2002 በዓለም ዙሪያ የደረሱ 5 ሺህ ያህል የተፈጥሮ አደጋዎችን ከአሜሪካ የቴሌቪዥን የምሽት ዜናዎችና ከአሜሪካ መንግሥት የአስቸኳይ እርዳታ ውሳኔዎች ጋር አስተያዩ። ያገኙት ነገር የሚያስደነግጥ ነው። አደጋው ሌላ ትልቅ ወሬ ባለበት ሰሞን ከደረሰ፣ ለምሳሌ በኦሎምፒክ ጨዋታ ወቅት፣ በዜና የመነገር ዕድሉ ይቀንሳል፤ እርዳታ የማግኘት ዕድሉም አብሮ ይቀንሳል። በኦሎምፒክ ሰሞን የደረሰ አደጋ በሌላ ጊዜ ከደረሰው ጋር እኩል የእርዳታ ዕድል እንዲኖረው ሦስት እጥፍ ሟች ያስፈልገዋል። በአፍሪካ የደረሰ አደጋ በምሥራቅ አውሮፓ ከደረሰው ጋር እኩል የዜና ሽፋን ለማግኘት ከ40 እጥፍ የሚበልጥ ሟች ሊኖረው ይገባል። በእሳተ ገሞራ አንድ ሰው ሲሞት የሚገኘውን ሽፋን ለማግኘት ደግሞ በምግብ እጥረት ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው ማለቅ አለበት።

ይህን የመጨረሻ ቁጥር ደግመን አነበብነው። የእሳተ ገሞራ ቀኑ ይታወቃል፤ ጭሱ ይታያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ድርቅ ግን ጀመረ የሚባልበት ቀን የለውም። ዝናቡ ዛሬ ቀረ፣ ነገም ቀረ፤ ይህ በአንዱም ቀን ዜና አይሆንም።

የእኛ አገር ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። የ1977ቱ ረሀብ በድንገት የመጣ አልነበረም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለለጋሾች ጥሪ አቅርቦ ነበር፤ የተገኘው ምላሽ ግን ከችግሩ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ የገዛ አገራችን መገናኛ ብዙኃንም በበዓሉ ተሞልተው ነበር። እንግዲህ የአገር ውስጥ ዜና ለአገሩ ያደላል ስንል፣ ለአገሩ ሁሉ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ለዋና ከተማው እንደሚያደላ ማስተዋል ያሻል። ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል ሲታይ፣ ወራት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰው እጅ በቀናት ውስጥ ተንቀሳቀሰ። እህል መጣ፤ ብዙ ነፍስ ተረፈ። ለብዙዎች ግን ዘግይቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ለረሀቡ ገንዘብ ለማሰባሰብ በእንግሊዝ የወጣው ዝነኛ ዘፈን በርእሱ የሚጠይቀው፣ የተራቡት ሰዎች የልደት በዓል መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ነው። በኮረምና በላሊበላ መካከል ስንት አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ፣ ክርስትና በዚህ አገር ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ኖረ የሚያውቅ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዘፈኑ ብዙ ሰው አብልቷልና አንቆጣም። ነገር ግን ዜናው ደርሶም እንኳ የሚታየው በተመልካቹ አገር መስኮት በኩል መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም።

እኛስ? በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማስወጣት ስትጀምር፣ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአገር ውስጥም በውጭም ያለው ሕዝባችን አዘነ፤ ሰልፍ ወጣ፤ ስደት ተመላሾቹን ለመቀበል ተረባረበ። መልካም አደረገ። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመቻ የመናውያን እጅግ በብዛት መባረራቸውን ስንቶቻችን ሰማን? በየዐውደ ምሕረቱ ስለ እነርሱ ጸሎት መደረጉን አናስታውስም። አድልዎው በአገር ድንበር ላይም አይቆምም። በዋሽንግተን፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች ያሉ ምእመናን የድርቁን ወሬ ከጋዜጣው ቀድመው ከዘመድ በስልክ ይሰማሉ፤ ይህም ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ስልክ የሚደውል ዘመድ በውጭ የሌለው ወረዳ አለ። የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ ሰብሳቢው የትውልድ ቀዬ ሲሄድ፣ ያ ወረዳ በአገር ውስጥ ሆኖ ሞዛምቢክ ይሆናል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? የለንደንን የዜና ክፍል ከዚህ ሆነን አንለውጠውም። በእጃችን ያለው ቀን የሌለውን ችግር ቀን እንዲኖረው ማድረግ ነው። ከየሰበካው ለልማት ክፍሉ የሚላኩ ደብዳቤዎች በብዛት የሚጻፉት ከብቱ ማለቅ ከጀመረ በኋላ ሲሆን፣ "ሕዝቡ በከፍተኛ ችግር ላይ ይገኛል" በሚል ዓረፍተ ነገር ያልቃሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ግን ለጋሹም ጋዜጠኛውም የሚይዘው ጫፍ የለውም። የበልጉ ዝናብ በዘንድሮው ስንት ቀን ዘገየ? የማሽላ ዋጋ በወረዳው ገበያ ባለፈው ወር ስንት ነበር፣ ዛሬስ ስንት ነው? ስንት አባወራ የእርሻ በሬውን ሸጠ? የመንደሩ ምንጭ መቼ ደረቀ? ስንት ልጆች ከትምህርት ገበታ ቀሩ? እነዚህ በቀንና በቁጥር ሲጻፉ፣ ከሞት በፊት የሚደርስ ዜና ይሆናሉ።

ከቅዳሴ በኋላ በሚነገረው ማስታወቂያም ትንሽ ለውጥ ይበቃል። የሩቅ አገር አደጋ ሲነገር "ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ይሆን?" ከሚለው በፊት፣ የቦታው ስምና በዚያ የደረሰው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር። ማስታወቂያውን የሚያነበው ዲያቆን የቦታውን ስም አስቀድሞ ቢለማመደው መልካም ነው፤ እኛም "ክራይስትቸርች" ስንል ተሰናክለን እናውቃለን።

የዝናቡና የገበያው መዝገብ የተለየ ባለሙያ አይጠይቅም። አንድ ደብተርና በየሁለት ሳምንቱ ገበያ የሚወጣ አንድ የኮሚቴ አባል ይበቃሉ። የበልግ ዝናብ የሚያገኙ ሰበካዎች ከየካቲት፣ ሌሎቹ ከሰኔ መባቻ ቢጀምሩት ይመረጣል። ዝናቡ በሰዓቱ ጥሎ፣ ገበያውም ረግቶ ከሆነ ያም ይጻፍ፤ የክፉው ዓመት ቁጥር የሚነበበው ከደህናው ዓመት ቁጥር አጠገብ ሲቀመጥ ነውና።