ፍላሹን ከመንቀልዎ በፊት በውስጡ የተከፈተውን ዲስክ ይዝጉ

የሱቁን ደረሰኝና የታክሲውን የማይል መዝገብ በአንዲት ፍላሽ ይዞ ወደ አካውንታንት መሄድ የተለመደ ሆኗል። ጠንቃቆቹ ደግሞ ፍላሹ ቢጠፋ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥራቸው ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ብለው፣ እንደ ቬራክሪፕት ባለ ፕሮግራም በፓስዎርድ የሚከፈት ቨርቹዋል ዲስክ ይሠሩበታል። ይህ ዲስክ ፍላሹ ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይል ነው፤ ሲከፈት ግን ኮምፒዩተሩ ራሱን እንደቻለ ሌላ ዲስክ ያየዋል። መልካም ዘዴ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ሲነቀል ነው።

ኮምፒዩተር ለፍጥነት ሲል «ሴቭ» ያሉትን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም፤ ጥቂቱን በሜሞሪው ይዞ ይቆያል። ገንዘብ ተቀባይዎ የቀኑን ሽያጭ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ወደ መዝገቡ ሳያዛውር ወደ ቤቱ እንደ መሄድ ነው። ዲስክ በፍላሽ ውስጥ ሲሆን ይህ መዘግየት ሁለት ጊዜ ሊሆን ይችላል። በመሀል ከተነቀለ የሚጠፋው የመጨረሻው መስመር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የፋይሎቹን ማውጫ የያዘው ክፍል ከተበላሸ ዲስኩ በሙሉ አልከፈትም ሊል ይችላል። ፓስዎርዱን ማወቅዎም አያድነውም። እርግጥ ነው፣ ዊንዶውስ 10 በ2018 ከወጣው 1809 ቨርዥን ጀምሮ ፍላሽን ያለ ኢጀክት ለመንቀል የሚፈቅድ ሆኗል፤ ይህ ግን ምንም ላልተከፈተበት ፍላሽ ነው።

እዚህ አሜሪካ አይ አር ኤስ የታክስ ማስረጃን በጥቅሉ 3 ዓመት፣ ሠራተኛ ከቀጠሩ ደግሞ የሠራተኛ ታክሱን ቢያንስ 4 ዓመት እንዲያቆዩ ይፈልጋል። ቤተሰብ ለማምጣት በአይ-864 ፎርም ዋስ ሲሆኑም የቅርቡን ዓመት ታክስ ያቀርባሉ። ያስገቡትን ታክስ ግልባጭ ከአይ አር ኤስ በነጻ ማግኘት ይቻላል፤ ደረሰኙንና የማይል መዝገቡን ግን ከእርስዎ በቀር የያዘ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ኤክሴሉንና የተከፈቱትን መስኮቶች ይዝጉ። ቀጥሎ የውስጡን ዲስክ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ኢጀክት ያድርጉት፤ በቬራክሪፕት ከሆነ አንማውንት ወይም ዲስማውንት የሚለውን ይጫኑ። ከዚያ በኋላ ነው ፍላሹ ራሱ ኢጀክት ተደርጎ የሚነቀለው። «ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ካለ አንድ ነገር አሁንም ተከፍቷል ማለት ነው፤ በግድ ይዘጋ ወይ ብሎ ቢጠይቅዎ እሺ አይበሉ። ክፍቱን ፈልገው ካጡ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ይዘው ሻት ዳውን ያድርጉ፤ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስሊፕ መዝጋት አይደለም፤ የላፕቶፑን ክዳን ከድኖ ፍላሹን መንቀል ብዙ ሰው የሚያደርገው ስሕተት ነው።

ድንገት ተነቅሎ ቢሆንስ? መልሰው ሲሰኩት ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ካለዎት እምቢ ይበሉ፤ ምንም ሳይጻፍበት ለሚያውቅ ባለሙያ ያሳዩት። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ ካለዎት ግን ይህ ሁሉ አያሳስብዎትም። ቅጂውን ሲያነሱ ዲስኩ ተዘግቶ ይሁን፤ ተከፍቶ ሳለ የተቀዳ ፋይል ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሊሆን ይችላል።