ከቱርቦው በፊት ቡሎኑ

በኢትዮጵያ የጠጠር መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ስሙን ባያውቀው እንኳ፣ የ1ኤችዜድን ድምፅ ያውቀዋል። ቶዮታ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ባለ6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የጤና ባለሙያ፣ የእርዳታ እህልና የመንግሥት ሠራተኛ ጭኖ በየወረዳው የሚዞረውን ላንድክሩዘር ሲገፋ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። 4,164 ሲሲ ይዞ የሚሰጠው ግን ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ በኤሌክትሮኒክስ አይመራም፣ ቻይ ነው። ባለቤቶቹ የሚያነሱበት ወቀሳ አንድ ነው፤ ዳገት ላይ ይደክማል።

ድካሙ የሞተሩ ብቻ ሳይሆን የአየሩም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ደጋው ይወስድበታል። አውስትራሊያ ውስጥ ለ1ኤችዜድ ቱርቦ መግጠም የታወቀ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። ሞተሩ ለእድሳት በወረደ ቁጥር እዚህም ሐሳቡ መነሳቱ አይቀርም።

ሐሳቡ ሲነሳ ዓይን የሚያርፈው ቱርቦው ላይ ነው፤ ገንዘቡም እዚያው ያልቃል። ሞተሩን አጥብቀው የያዙት ቡሎኖች የሚገዙት መጨረሻ ላይ፣ ያውም «ጠንካራውን አምጣ» በሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ይህ አካሄድ ስህተት ነው። በአንድ ሞተር ውስጥ ያሉ ቡሎኖች የሚሸከሙት ጫና አንድ ዓይነት አይደለም። ቱርቦ ሲገባ የአንዳንዱ ሸክም በጣም ይከብዳል፤ አንዳንዱ ላይ የሚጨመር ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ አንዳንዱን ደግሞ የሚፈትነው ሙቀት ነው። ምርጫ የሚጀመረው ይህን ከመለየት ነው።

ሸክሙ በእርግጥ የሚጨምርበት ቴስታታውን ከብሎኩ ጋር የሚያስረው ቡሎን ነው። የ1ኤችዜድ ሲሊንደር ስፋት 94 ሚሊሜትር ነው፤ የክቡ ስፋት ሲሰላ 69 ካሬ ሴንቲሜትር ይመጣል። ናፍጣው በሚቀጣጠልበት ቅጽበት ውስጡ 100 ባር ግፊት ቢፈጠር ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 7 ቶን ገደማ ይሆናል። ቱርቦ ገብቶ፣ ናፍጣም ተጨምሮለት ግፊቱ 130 ባር ቢደርስ 9 ቶን ይሆናል። ሞተሩ በ3,000 ዙር ሲሄድ ይህ ግፊት በእያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይመላለሳል።

ቡሎኑ ይህን የሚችለው ቀድሞ ስለተወጠረ ነው። የጠፍር አልጋ ሰው የሚሸከመው ጠፍሩ አስቀድሞ ተወጥሮ ስለታሰረ እንደሆነ ሁሉ፣ የቴስታታ ቡሎንም ሲታሰር በመጠኑ ተለጥጦ፣ ወደ ቦታው ለመመለስ በሚያደርገው ትግል ቴስታታውንና ጓርኒሲዮኑን ብሎኩ ላይ ይጫናል። ይህ ጭነት ከቃጠሎው ግፊት እስከበለጠ ድረስ ምንም ነገር አይላቀቅም። ካነሰ ግን ቴስታታው በፀጉር ስፋት እንኳ ሲነሳ ጋዙ ጓርኒሲዮኑን ጥሶ ወደ ውኃው መተላለፊያ ይገባል። ከዚያ በኋላ ራዲያተሩ አረፋ ይተፋል፣ የውኃው ጎማ በማለዳ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ሳይቀር ተነፍቶ ይደርቃል።

እዚህ ላይ ከደጋ ወደ ቆላ የሚነዳ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የተለመደው የቱርቦ ግፊት መገደቢያ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ነው። አዲስ አበባ ላይ 0.5 ባር ተብሎ የተስተካከለ ቱርቦ ለሞተሩ የሚያደርሰው ጠቅላላ ግፊት 1.27 ባር ያህል ነው። ያው መኪና፣ በዚያው ስፕሪንግ፣ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ ወደ 1.5 ባር ይጠጋል። ጌጁ ያው 0.5 ያሳያል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ግፊት ግን በአምስት አንድ እጅ ገደማ ጨምሯል። ስለዚህ የቴስታታ ቡሎን የሚመረጠው መኪናው በሚወርድበት ዝቅተኛ ቦታ ልክ እንጂ ጋራዡ ባለበት ከተማ ልክ አይደለም።

የቡሎን ጥንካሬ ራሱ ላይ ተጽፏል። 8.8፣ 10.9፣ 12.9 የሚሉት ቁጥሮች ትርጉም አላቸው። የፊተኛው ቁጥር በ100 ሲባዛ ቡሎኑ የሚበጠስበትን ጫና በካሬ ሚሊሜትር በኒውተን ይሰጣል፤ የኋለኛው ደግሞ ተለጥጦ ወደ ልኩ የማይመለስበት ነጥብ ከዚያ ስንት አሥረኛው ላይ እንደሆነ ይናገራል። 10.9 ማለት በ1,000 የሚበጠስ፣ በ900 ላይ ለዘለቄታው የሚረዝም ማለት ነው። የ12 ሚሊሜትር ቡሎን ተራ ጥርስ ያለው ከሆነ፣ ቅርጹ ሳይበላሽ የሚሸከመው በ8.8 ወደ 49፣ በ10.9 ወደ 70፣ በ12.9 ወደ 82 ሺህ ኒውተን ነው። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካሊፎርኒያ የውድድር ቡሎን የሚሠራው ኤአርፒ ከዚህም በላይ ይሄዳል፤ ኤአርፒ 2000 የሚለው ብረቱ በካሬ ሚሊሜትር 1,500 ኒውተን አካባቢ ይችላል።

ይሁን እንጂ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። ጠንካራው ቡሎንና ደካማው ቡሎን በአንድ ዓይነት ጫና የሚለጠጡት እኩል ነው፤ የብረት የመለጠጥ ባሕርይ በደረጃው አይለወጥም። ልዩነቱ ጠንካራው ብዙ ተወጥሮም ወደ ልኩ መመለስ መቻሉ ነው። ስለዚህ ውድ ቡሎን ገዝቶ በድሮው ልክ ያሰረ ሰው ቴስታታውን ከድሮው በላይ አልተጫነውም። ትርፉ የሚገኘው አምራቹ ለዚያ ቡሎን ባወጣው አዲስ ልክ፣ አምራቹ ባዘዘው ቅባት ሲታሰር ነው።

ቅባቱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። በመፍቻው ከሚሰጠው ኃይል ቡሎኑን የሚለጥጠው ከ100 እጅ 10 ያህሉ ብቻ ነው። ቀሪውን የጥርሱና የራሱ ፍትጊያ ይበላዋል። ጥርሱ ደረቅ ከሆነ ወይም ዝገት ካለበት ቶርክ ሬንቹ በልኩ ቢጮህም ቡሎኑ ገና አልተወጠረም። በሞተር ዘይት ታስቦ የወጣ ልክ ላይ የሞሊብዲነም ቅባት ከገባ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይወጠራል። ቶዮታ የ1ኤችዜድን የቴስታታ ቡሎን በመጀመሪያ በልክ፣ ከዚያ በዲግሪ እያዞሩ ማሰርን ያዘዘው ፍትጊያውን ከስሌቱ ለማስወጣት ነው፤ ቡሎኑ በታወቀ ዲግሪ ሲዞር በታወቀ መጠን ይረዝማልና።

አሮጌውን ቡሎን መልሶ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ጥርሱን በጥሩ ብሩሽ አጽድቶ፣ አዲስ ዳዶ በጣቱ ያስገባበት። ዳዶው ቀለል ብሎ ከዞረ በኋላ መሐል ላይ ቀጥ ካለ ጥርሱ ተስቧል ማለት ነው። ከዚያ በካሊፐር ውፍረቱን ከላይ ወደ ታች ይለካ፤ አንድ ቦታ ላይ ወገቡ ከቀጠነ ያ ቡሎን ሥራውን ጨርሷል። ለቱርቦ በሚታደስ ሞተር ላይ ግን ከዚህ ሁሉ አዲስ መግዛት ይሻላል።

በቡሎን ፈንታ ስታድ፣ ማለትም ራስ የሌለው፣ ብሎኩ ውስጥ ተተክሎ ከላይ በዳዶ የሚታሰር ዘንግ መጠቀም ይቻላል። ቡሎን ሲታሰር በአንድ ጊዜ ይጠመዘዛልም ይለጠጣልም። ስታድ ግን ቆሞ ዳዶው ብቻ ስለሚዞር ሥራው መለጠጥ ብቻ ይሆናል፤ የብሎኩም ጥርስ በየእድሳቱ አይፋቅም። ስታድ ብሎኩ ውስጥ የሚገባው በጣት ነው እንጂ በመፍቻ አይጠብቅም። ቀዳዳው ውስጥ ዘይት ወይም ውኃ ከቀረ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ስለሚችል አስቀድሞ በአየር ይነፋል።

የቢየላ ቡሎን ጉዳይ ሌላ ነው። ፒስተኑን ከኮሎ ጋር የሚያገናኘውን ቢየላ የቱርቦ ግፊት ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ አይጎትተውም፤ ጫናውን የሚቀበለው የቢየላው አካል ነው። ቡሎኑን የሚጎትተው ፒስተኑ ጭሱን አስወጥቶ ጫፍ ላይ ሲደርስና ወደ ታች ሲመለስ ያለው የራሱ ክብደት ነው፤ ይህም ከዙር ጋር በካሬ ያድጋል። የቤንዚን ሞተር ከ6,000 ወደ 7,000 ዙር ቢወጣ ጉተታው 36 በመቶ ይጨምራል። 1ኤችዜድ ግን ጉልበቱን የሚሰጠው እስከ 4,000 ዙር አካባቢ ነው፤ ቱርቦ ስለገባለትም ከዚያ አያልፍም። እዚህ ላይ አዲስ የፋብሪካ ቡሎን ይበቃል። ከፍተኛ ዙር ለሚፈለግበት የቤንዚን ሞተር ግን የቢየላ ቡሎን ቀዳሚው ወጪ መሆን አለበት።

ጠንካራ የቢየላ ቡሎን የገባበት ሞተር ሌላ ግዴታም ይከተለዋል። አዲሱ ቡሎን የቢየላውን ካፕ ከድሮው አብልጦ ስለሚጫን ኮሎውን የሚያቅፈው ክብ ቀዳዳ በመጠኑ ይጣመማል፤ ስለዚህ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቡሎኑ እንደታሰረ መለካትና መስተካከል አለበት። የኮሎ መያዣ ካፖችም እንዲሁ ናቸው። ይህን የዘለለ ሰው በጠንካራ ቡሎን ብሮንዚናውን ያቃጥላል።

የቱርቦውንና የጭስ ማኒፎልዱን ማሰሪያዎች ደግሞ የሚፈትናቸው እሳት ነው። ተራ የ10.9 ወይም የ12.9 ብረት ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል፤ የናፍጣ ሞተር ጭስ ግን ዳገት ላይ ከ600 በላይ ሊደርስ ይችላል። እዚህ ቦታ ከፍተኛ ቁጥር አይረዳም፤ የሚያስፈልገው እንደ ኤ 286 ያለ ሙቀት የሚችል ቅይጥ ስታድና በቀላሉ የማይላላ ዳዶ ነው።

ጥንካሬ ሲበዛም ጉዳት አለው። ኤል 19 የተባለው የኤአርፒ ብረት በካሬ ሚሊሜትር ወደ 1,800 ኒውተን ይጠጋል፤ ነገር ግን እርጥበት ከነካው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለዘወትር መኪና አይመከርም። በኤሌክትሪክ ዚንክ የተለበጠ 12.9 ቡሎንም በልበጣው ጊዜ የገባበት ሃይድሮጅን ካልወጣለት፣ ታስሮ በተቀመጠበት ሳይታሰብ ሊበጠስ ይችላል። ከእቃ መደብር በቁጥሩ ብቻ ተመርጦ የተገዛ ቡሎን የቴስታታ ቡሎን አይሆንም።

አሮጌ ብሎክ በራሱ ለቱርቦ ፈተና አይሆንም። በ1983 እ.ኤ.አ. ኔልሰን ፒኬ በቱርቦ ሞተር የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው አሽከርካሪ ሲሆን፣ ብራብሃም መኪናውን የገፋው ባለ1.5 ሊትር ሞተር የቆመው ቢኤምደብሊው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለመንገድ መኪና ሲያመርተው በኖረው የብረት ብሎክ ላይ ነበር። በፓውል ሮሼ የተመራው ቡድን ቴስታታውን ግን ለውድድር እንደ አዲስ ሠርቶታል። ቶዮታም የ1ኤችዜድን ባለቱርቦ ወንድም 1ኤችዲቲን ሲያወጣ የሲሊንደሩን ስፋትና የፒስተኑን ምልልስ ሳይነካ፣ የመጭመቅ መጠኑን ከ22 ለ1 በላይ ከነበረበት ወደ 18.6 ለ1 አወረደ፤ ከፒስተኑ ሥር የሚረጭ ዘይትም ጨመረ። 1ኤችዜድ እነዚህ የሉትም። የፒስተኑን መቅለጥ ምንም ዓይነት ቡሎን አይከለክለውም።

ስለዚህ 1ኤችዜዱን ለመጠነኛ ቱርቦ የሚያሳድስ ባለቤት ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያወጣ ይመከራል፤ በመጀመሪያ አዲስ የቴስታታ ቡሎን ወይም ስታድ ከጥሩ ጓርኒሲዮን ጋር፣ ቀጥሎ የጭስ ሙቀት መለኪያ ጌጅ፣ ከዚያ ለማኒፎልዱ ሙቀት የሚችል ማሰሪያ፣ በመጨረሻ አዲስ የፋብሪካ የቢየላ ቡሎን። ሞተሩን ለመካኒክ ከማስረከቡ በፊትም እያንዳንዱ ቡሎን በስንት ልክና በየትኛው ቅባት እንደሚታሰር የአምራቹን ወረቀት ይጠይቅ። ወረቀት የሌለው ቡሎን ከሆነ አይግዛው።