የፀሐይ ብርሃን ሲጎድል አጥንት የሚከፍለው ዕዳ

በልደታ አካባቢ ሕፃናት ልጆቻቸውን ታቅፈው የጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁ እናቶችን ማየት የተለመደ ነው። ልማዱ መልካም ነው። ይሁንና ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፦ ለአጥንት የሚበጀው የትኛው የፀሐይ ብርሃን ነው?

ቆዳችን ቫይታሚን ዲን የሚሠራው የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር በሆነው አልትራቫዮሌት ቢ በተባለ ጨረር ነው። ይህ ጨረር ተራውን የመስኮት መስተዋትም ሆነ ወፍራም ልብስን አያልፍም። ፀሐይ ገና ዝቅ ባለች ጊዜ ደግሞ ብርሃኗ በኦዞን ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ አብዛኛው ጨረር በዚያው ተውጦ ይቀራል።

ቫይታሚኑ በጉበትና በኩላሊት ተለውጦ ሆርሞን ከሆነ በኋላ አንጀት ከምግብ ካልሲየም እንዲመጥ ያደርጋል። ሲጎድል የደም ካልሲየም መቀነስ ይጀምራል። በዚህን ጊዜ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሆርሞናቸውን ያመነጫሉ፤ አጥንት ገንቢዎቹ ኦስቲዮብላስቶችም መልእክቱን ተቀብለው፣ ራንክኤል በተባለ ፕሮቲን አማካይነት፣ አጥንት አሟሚ የሆኑት ኦስቲዮክላስቶች እንዲበዙና እንዲነቁ ያደርጋሉ። እነዚህ ሕዋሳት አጥንት ላይ ተጣብቀው ማዕድኑን በአሲድ ያሟሙታል። ልብና ነርቭ ያለ ካልሲየም ስለማይሠሩ ሰውነት ከአጥንት ጥሪት አውጥቶ ይከፍላል። በማደግ ላይ ያለ ሕፃን አዲስ አጥንት ግን ማዕድን አጥቶ ይለፈሰፈሳል፤ ሪኬትስ የሚባለው በሽታ ይህ ነው።

ጉዳቱ በእግር መጣመም ብቻ አይወሰንም። ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያካሄዱት ጥናት በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆነ 500 የሳንባ ምች ሕመምተኞች መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን 20ው ብቻ። የለሰለሰ የጎድን አጥንት ለትንፋሽ ደረትን በሚገባ ሊያሰፋ አይችልም።

ይህ የታየው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ በምትርቅ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ ነው። ጨረሩ ሞልቷል፤ የጎደለው ከቆዳ ጋር መገናኘቱ ነው። ተጠቅልሎና ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚያድግ ሕፃን በፀሐይ አገር ፀሐይ ይራባል።

ስለዚህ ጥላችሁን ተመልከቱ። ጥላ ከቁመት ሲረዝም ጨረሩ ደካማ ነው፤ ሲያጥር ይበረታል። የበረታው ጨረር ቆዳን ስለሚያቃጥል ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ለጨቅላ ሕፃንማ የጤና ባለሙያን ምክር መጠየቅ ይገባል። ይህን ትምህርት ከክፍል ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ብትገቡ ለታናናሾቻችሁ ትልቅ ስጦታ ነው።